«ልመጣ እችላለሁ» ያልሽበት ቅዳሜ

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ወደ አሜሪካ ከመጣሁ 3 ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ እሠራለሁ። ባለፈው ሐሙስ ሱፐርቫይዘሬ ቅዳሜ ተጨማሪ ሺፍት ትሠሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ‹አይ ካን ከም› አልኳት። ትንሹን ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ካገኘሁ ልመጣ እችላለሁ ማለቴ ነበር። ሰው አጣሁና ቀረሁ። ሰኞ ስገባ ‹እመጣለሁ ብላ ሳትደውል ቀረች› የሚል ራይት አፕ (የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ) ጠበቀኝ። እመጣለሁ አላልኩም ብል ማን ይስማኝ?

በዚያው ሳምንት ደግሞ የምንከባከባቸው አንዲት እናት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ጠፋ። ነርሷ ስትጠይቀኝ ‹ሺ መስት ፑት ኢት ኢን ዘ ትሬይ› አልኳት። የምግብ ትሪው ላይ አስቀምጠውት መሆን አለበት ለማለት ነው። ነርሷ ግራ ገብቷት ‹ለምንድን ነው ትሪ ላይ ማስቀመጥ ያለባቸው?› አለችኝ። ጥርሱ በኋላ ከትሪው ጋር ወጥ ቤት ሄዶ ተገኘ። 5ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ‹ማሚ፣ ማይት በዪ› ትለኛለች። ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ መስት፣ ሁሉንም አገር ቤት ተምሬያቸዋለሁ። ፈተናም አልፌባቸዋለሁ። አፌ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ‹ካን› ይሆኑብኛል። ምን ይሻለኛል?»

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም አንጀቴን የበላው ያ ራይት አፕ ነው። ቃሏን የምታጥፍ ሰው ተደርገሽ ተጻፈብሽ። አንቺ ግን ቃል አልሰጠሽም ነበር። ቃል የሰጠችብሽ «ካን» የምትባለው ትንሽ ቃል ናት።

ከእሷ እንጀምር። ሌላው ጥያቄሽም ከእሷ ብዙ አይርቅም።

በአማርኛ «መቻል» ሁለት ሥራ ይሠራል። «የደም ግፊት መለካት እችላለሁ» ስትዪ ስለ ችሎታሽ ነው የምታወሪው። «ነገ ሊዘንብ ይችላል» ስትዪ ግን ስለ ዝናቡ ችሎታ አይደለም። ይዘንብ አይዘንብ አላወቅሽም ማለት ነው። ቃሉ አንድ፣ ሐሳቡ ሁለት። እርስ በርሳችን ከአነጋገሩ ስለምንግባባ ችግሩ አይታየንም። እንግሊዝኛ ግን እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለየብቻ ነው ያከፋፈላቸው። ለችሎታና ለመመቸት «ካን» አለ። ገና ላልተረጋገጠ ነገር «ማይት» አለ።

ስለዚህ አንዲት አሜሪካዊት አለቃ «ቅዳሜ ትመጫለሽ?» ብላ ጠይቃሽ «አይ ካን ከም» ስትያት የሰማችው «ይመቸኛል፣ እገባለሁ» የሚለውን ነው። ወዲያው ስምሽን ሰሌዳው ላይ አስገባች። ሌላ ሰው መፈለግ አቆመች። «አይ ማይት ከም» ብትያት ኖሮ ግን «እስከ መቼ ታሳውቂኛለሽ?» ብላ ትጠይቅሽ ነበር። በእነዚህ ሁለት ቃላት መሀል ያለው ርቀት የአንድ ሙሉ ሺፍት ርቀት ነው።

አሁን ደግሞ በየቀኑ ልትሠሪበት የምትችዪውን መፈተኛ ልስጥሽ። መፈተኛው ራሱ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛውን ከመናገርሽ በፊት «እችላለሁ» ያልሽውን በሆድሽ ወደ «ይሆናል» ቀይሪው። «ቅዳሜ ልመጣ እችላለሁ» የሚለው «ቅዳሜ እመጣ ይሆናል» ሲሆን ሐሳቡ ተለወጠ? አልተለወጠም። እንግዲያው ቃሉ «ማይት» ነው። «የደም ግፊት መለካት እችላለሁ» የሚለውን ደግሞ «የደም ግፊት እለካ ይሆናል» በዪው። ሐሳቡ ሌላ ሆነ አይደል? እዚያ ላይ «ካን» ትክክል ነው። «ይሆናል» ከገባልሽ «ካን» ይውጣ። ለብዙ ሰው ይህችን አስተምሬያለሁ። ከአንድ ገጽ የሰዋስው ሰንጠረዥ የበለጠ ትሠራለች።

አንድ ነገር ብቻ እንዳያሳስትሽ። «ካን» አንዳንዴ ስለ አንድ ነገር ጠባይም ይነገርበታል። «አዲስ ካን ጌት ኮልድ አት ናይት» ማለት አዲስ አበባ ሌሊት ሌሊት የመብረድ ጠባይ አላት ማለት ነው። ይህ ልክ ነው። ስለ አንድ የተለየ ሌሊት፣ ለምሳሌ ስለ ዛሬ ማታ ከሆነ ግን «ኢት ማይት ጌት ኮልድ ቱናይት» ነው የሚባለው። «ኢት ካን ሬይን ቱሞሮው» የሚል አሜሪካዊ አትሰሚም።

ስለ «ካን» ሳወራ አንድ የአነባበብ ነገርም አለ። ብዙዎቻችን «አይ ካን ከም» ስንል «ካን» ላይ ጫን እንላለን። አሜሪካኖች ግን በአዎንታው ቃሏን ዋጥ ያደርጓታል፤ «አይ ከን ከም» ነው የሚሉት፤ ጫናው «ከም» ላይ ይወድቃል። ጫን ተብሎ የሚነገረው አሉታው «ካንት» ነው። የመጨረሻዋ «ት» ደግሞ ብዙ ጊዜ አትሰማም። ስለዚህ «ካን»ን ጫን ብለሽ ስትናገሪ «አልችልም» ብለው የሚሰሙሽ ሰዎች አሉ። ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስትስማሚ «የስ፣ አይ ከን»፣ ሳትስማሚ «ኖ፣ አይ ካንት» ብትዪ «የስ» እና «ኖ» ያድኑሻል።

አሁን ትንሽ ከሰዋስው ወጣ ልበል። ያንን ሐሙስ ሳስበው አንደበትሽን የያዘው እንግሊዝኛው ብቻ አይመስለኝም። ይሉኝታም አለበት። አለቃ ፊትሽ ቆማ ስትጠይቅሽ «አልችልም» ማለት ይከብዳል። እኛ አገር «እስቲ፣ እግዚአብሔር ካለ፣ ልመጣ እችላለሁ» ብሎ መልስ የሰጠ ሰው እንደማይመጣ ጠያቂውም ግማሽ ልቡ ያውቀዋል። ማንም ቅር አይለውም። ይህን ጨዋነት አላጣጥለውም፤ ያደግንበት ነው። ግን ሰሚው አሜሪካዊ ሲሆን ጨዋነቱ ጭራሽ አይደርሰውም። የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ለይሉኝታሽም የሚሆን እንግሊዝኛ ያስፈልግሻል፤ ደግሞም አለ፦

«አይ ማይት ቢ ኤብል ቱ ከም። ሌት ሚ ፋይንድ ሰምዋን ፎር ማይ ሰን። አይ ዊል ቴል ዩ ባይ ፍራይደይ ኑን።»

ልመጣ እችል ይሆናል፤ ለልጄ ሰው ልፈልግ፤ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን እነግርሻለሁ። ሦስተኛዋ ዓረፍተ ነገር ላይ አተኩሪ። «ማይት» ብቻውን ለአለቃ አይበቃትም፤ መቼ እንደምታውቂ ንገሪያት። «ዊል»ን ደግሞ ልትፈጽሚው ለምትችዪው ነገር ብቻ አስቀምጪው። መምጣትሽ አጠራጣሪ ነው፤ መደወልሽ ግን በእጅሽ ነው። ስለዚህ መምጣቱ በ«ማይት»፣ መደወሉ በ«ዊል» ይነገራል። «አይ ማይት ካን ከም» ግን እንዳትዪ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። «ቢ ኤብል ቱ» የገባው ለዚህ ነው። ሲጨንቅሽ ደግሞ «ሜይቢ» ብለሽ ጀምሪ። «ሜይቢ አይ ከን ከም» ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው።

«ኩድ» ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ለእኔ ከሰዋስው ያለፈ ነገር ስለሆነ።

አገር ቤት ስንማር ሰሌዳው ላይ በሁለት ረድፍ ይጻፍልን ነበር። ካን — ኩድ። ሜይ — ማይት። ዊል — ዉድ። ግራው የአሁን፣ ቀኙ ያለፈ ጊዜ ተብሎ ተሸመደደ። እንደዚያው በልቤ ይዤ እናቴን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ያስተረጎምኩላት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ውጤቷን አይቶ «ኢት ኩድ ቢ ኸር ኪድኒስ» አለ። እኔ «ኩድ»ን ያለፈ ጊዜ አድርጌ ሰማሁት። «እማዬ፣ ኩላሊትሽን አሞሽ ነበር ነው የሚለው» አልኳት። እናቴ «ተመስገን፣ አለፈ» አለች። ለተጨማሪ ምርመራ የተሰጣትን ቀጠሮም «ካለፈ ምን ያደርግልኛል» ብላ ቀረች። ሐኪሙ ያለው «ከኩላሊቷ ሊሆን ይችላል፣ ይመርመር» ነበር። ከ2 ወር በኋላ ሌላ ሰው አስረድቶን ነው የተመለስነው። ደግነቱ በጊዜ ተደረሰበት። እኔ ግን ያቺን «ኩድ» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እንግዲህ «ኩድ» በዕለት ተዕለት ንግግር ብዙ ጊዜ ያለፈ ጊዜ አይደለም። «ሊሆን ይችላል» ነው፤ አሁን ወይም ወደፊት። መኪናሽ አልነሳ ሲል መካኒኩ «ኢት ኩድ ቢ ዘ ባተሪ» ካለሽ ባትሪው ይሆናል ብሎ መገመቱ ነው፤ ገና አልፈተሸውም። በእንዲህ ያለ ቦታ «ኩድ» እና «ማይት» ያላቸው ልዩነት ትንሽ ነው። አንዱን በሌላው ብትተኪው ማንም አይሳሳትብሽም።

ሐኪም ቤት ካነሳን ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መነሻው እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በአካልም ባይሆን በስልክ አማርኛ ተናጋሪ ያገናኙሻል። «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር፣ ፕሊዝ» ማለት ይበቃል። ለራስሽም ሆነ ለዘመድሽ ጠይቂ። 5ኛ ክፍል ያለችውን ልጅሽን ግን አስተርጓሚ አታድርጊያት። እንግሊዝኛዋ ከሁላችን ቢበልጥም ያንን ሸክም መሸከም የለባትም።

ወደ ጥርሱ እንምጣ። እዚህ ላይ አማርኛሽ በጣም ረድቶሽ ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ ናት የጎደለችው። ደብዳቤሽ ላይ «አስቀምጠውት መሆን አለበት» ብለሽ ጽፈሻል። ነርሷ ደግሞ «ማስቀመጥ ያለባቸው» ብላ ሰማች። በሁለቱም ውስጥ «አለበት» አለ አይደል? አንዱ ግምት ነው፣ ሌላው ግዴታ። «መስት» የእኛ «አለበት» ወንድም ነው፤ እሱም ሁለቱን ይሠራል። ግምቱ ስላለፈ ነገር ሲሆን እኛ «መሆን» እንጨምራለን። እነሱ «ሃቭ» ይጨምራሉ።

«ሺ መስት ፑት ኢት» — ማስቀመጥ አለባት፤ ግዴታ ነው።
«ሺ መስት ሃቭ ፑት ኢት» — አስቀምጣው መሆን አለበት፤ ግምት ነው።

ያንቺን የከፋ ያደረገው «ፑት» የምትባለዋ ግስ ናት። በሦስቱም ጊዜ መልኳ አይለወጥም። «መስት ሃቭ ኢትን» ወይም «መስት ሃቭ ጎን» ቢሆን ኖሮ ግሱ ራሱ ይጠቁማት ነበር። «ፑት» ላይ ግን ሸክሙ ሁሉ «ሃቭ» ላይ ነው የወደቀው። ደግሞ እነሱ ሲናገሩ «ሃቭ»ን ይውጧታል። «መስታቭ»፣ «ማይታቭ»፣ «ኩዳቭ» ነው የሚሰማሽ። አንቺ ስትሰሚያቸው የማትሰማሽ ያቺ «አቭ» ናት፤ ስለማትሰማሽም አትናገሪያትም። ነገ የሥራ ባልደረቦችሽን ስታዳምጪ ለእሷ ብቻ ጆሮ ስጪ። በአንድ ሺፍት ስንት ጊዜ እንደምትባል ታያለሽ።

የግምቱን መጠን ደግሞ ከእኛው ቋንቋ ጋር አስተያዪው። «አስቀምጠውት ይሆናል» ካልሽ «ማይት ሃቭ ፑት»። «ሳያስቀምጡት አልቀሩም» ካልሽ «ፕሮባብሊ ፑት»። «አስቀምጠውት መሆን አለበት» ካልሽ «መስት ሃቭ ፑት»። «ሊያስቀምጡት አይችሉም፣ ዛሬ ትሪ አልመጣላቸውም» ካልሽ «ኩድንት ሃቭ ፑት»። አየሽ፣ የእርግጠኝነት ደረጃው ሁሉ በአማርኛ አፍሽ ላይ አለ። «ሳይሆን አይቀርም» እና «ይሆናል» አንድ እንዳልሆኑ ማንም አላስተማረሽም፤ ታውቂዋለሽ። የተቸገርሽው ሁሉንም በ«ይችላል» በር ብቻ አሾልከሽ ወደ እንግሊዝኛ ስለምታስገቢያቸው ነው።

ከሥራሽ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ሁሉ ግምት በአፍ ሲሆን ጥሩ ነው። ቻርት ላይ ግን ያየሽውን ብቻ ጻፊ። አንድ አረጋዊ መሬት ላይ ተቀምጠው ብታገኚያቸው «መስት ሃቭ ፎለን» ብለሽ አትጻፊ፤ ሲወድቁ አላየሽም። «ፋውንድ ሲቲንግ ኦን ፍሎር ቢሳይድ ቤድ» ብለሽ ሰዓቱን ጻፊ። እሳቸው የነገሩሽ ካለም «ነገሩኝ» ብለሽ ቃላቸውን አስፍሪ። ከዚያ ለነርሷ በአፍሽ «ሂ ማይት ሃቭ ፎለን» በያት። መዝገብ ላይ የገባ ግምት በኋላ እንደታየ ነገር ተቆጥሮ ሊያስጠይቅሽ ይችላል።

«ሹድ» ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ ግን ብዙ ሰው ያንገላታል። ፋርማሲ ሄደሽ «ኢት ሹድ ቢ ሬዲ ባይ ፎር» ቢሉሽ መድኃኒቱ በ10 ሰዓት ሊደርስ ይገባል ብለው ግዴታ እየጣሉበት አይደለም። (የእነሱ 4 የእኛ 10 ሰዓት መሆኑን መቼም አትረሺውም።) «ሁሉም እንዳሰብነው ከሄደ ይደርሳል» ማለታቸው ነው። ቃል አልሰጡሽም። ከሩቅ የምትሄጂ ከሆነ ደውለሽ ሂጂ።

«ሜይ» ደግሞ በአፍ ከመነገር ይልቅ በወረቀት ላይ ነው የሚበዛው። ሰው ሲያወራ የምትሰሚው በአብዛኛው «ማይት» ነው። ፖስታ ሳጥንሽ ውስጥ የምታገኚያቸው ደብዳቤዎች ግን በ«ሜይ» የተሞሉ ናቸው። «ዩ ሜይ ቢ ኤሊጂብል» ሲል ደብዳቤው «ተፈቅዶልሻል» አላለሽም። «ልታሟዪ ትችያለሽ፣ አመልክቺና ይታይ» ነው ያለሽ። እልል ብለው ደውለውልኝ በኋላ ያዘኑ ሰዎች አውቃለሁ። አጭበርባሪዎችም ይህቺን ቃል ይወዷታል። «ዩ ሜይ ሃቭ ወን» ብሎ የጻፈልሽ ሰው አሸነፍሽ አላለም፤ ስለዚህ ዋሸኝ ብለሽ ልትይዢው አትችዪም።

በጾም ወቅት ግሮሰሪ ገብተሽ ብስኩት ወይም ጥቁር ቸኮሌት ገልብጠሽ ታውቂያለሽ? እኔ መነጽሬን አድርጌ ከጀርባው ያለውን ሁሉ አነባለሁ። «ኮንቴይንስ ሚልክ» ካለ ወተት አለበት፤ አበቃ። «ሜይ ኮንቴይን ሚልክ» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ወተት ከተቀላቀሉት ነገሮች ውስጥ አይደለም፤ ግን ወተት ያለበት ምርት በተሠራበት ማሽን ወይም ፋብሪካ ስለተሠራ ትንሽ ሊነካካው ይችላል ማለት ነው። ለጾሙ ምን ማለት እንደሆነ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እሱ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ለምትንከባከቢያቸው ሰው ግን ጉዳዩ የሕይወት ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማቸው ሰው ካሉ «ሜይ ኮንቴይን ፒናትስ» የሚለውን እንደ «አለበት» ቁጠሪው። አትስጫቸው፤ ነርሷን ጠይቂ።

አሉታው ላይም ጠንቀቅ በዪ። እዚህም አማርኛ ያግዝሻል። «ላይመጣ ይችላል» እና «ሊመጣ አይችልም» አንድ ናቸው? አይደሉም። የመጀመሪያው «ሂ ማይት ኖት ከም» ነው። ሁለተኛው «ሂ ካንት ከም» ነው። አማርኛው ላይ አሉታው የት እንደተቀመጠ ብቻ ተመልከቺ። «ኩድንት» ደግሞ እንደ «ማይት ኖት» የለዘበ እንዳይመስልሽ፤ በሩን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ነው። «ሺ ኩድንት ቢ አት ሆም» ማለት እቤት ልትሆን በፍጹም አትችልም ማለት ነው። በር ላይ የተለጠፈ «ቪዚተርስ ሜይ ኖት ኢንተር» ካየሽም «ላይገቡ ይችላሉ» ሳይሆን «መግባት ክልክል ነው» ብለሽ አንብቢው።

«ማይት» ስንት በመቶ ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም። እነሱም ራሳቸው አይስማሙበትም። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች በአንድ ሪፖርት ላይ ዩጎዝላቪያ ጥቃት ሊደርስባት እንደሚችል ሲጽፉ «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» የሚል ቃል ተጠቀሙ። በኋላ ሸርማን ኬንት የተባለው ኃላፊያቸው እያንዳንዱን ባልደረባ «ስንት በመቶ ማለትህ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ 20 አለ፣ ሌላው 80። አብረው ተወያይተው የጻፉት ቃል ነበር! የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት፣ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ፣ ግን ለቃላቱ ልክ አበጅቶላቸዋል። ዝናቡ 20 በመቶ ከሆነ «ስላይት ቻንስ»፣ ከ30 እስከ 50 ከሆነ «ቻንስ»፣ 60 እና 70 ከሆነ «ላይክሊ» ይላል። አንቺም አለቃሽ ዘንድ እንዲህ ማድረግ ትችያለሽ። «አይ ማይት ከም፣ ፊፍቲ-ፊፍቲ» ብትያት ሌላ ሰው መፈለግ እንዳለባት ወዲያው ይገባታል።

ልምምዱ ደብተር አይፈልግም። ጠዋት ራይድ ኦን አውቶቡስ ስትጠብቂ በሆድሽ አውሪ። አውቶቡሱ ከዘገየ «ኢት ማይት ቢ ሌት»። ፌርማታው ላይ ማንም ከሌለ «ኢት መስት ሃቭ ሌፍት»። ከሩቅ መብራት ካየሽ «ዛት ኩድ ቢ ኢት»። ማታ ደግሞ ልጅሽን አስገቢያት። በር ሲንኳኳ ከመክፈታችሁ በፊት ማን ሊሆን እንደሚችል ሁለታችሁም ገምቱ፤ እሷ በአማርኛ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ። እሷ «አክስቴ ሳትሆን አትቀርም» ማለትን ትልመድ። እዚያ ላይ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።

ራይት አፑን በተመለከተ ዝም ብለሽ አትለፊው። ብዙ ጊዜ ቅጹ ላይ ሠራተኛው አስተያየቱን የሚጽፍበት ቦታ አለ። ሱፐርቫይዘርሽን 5 ደቂቃ ስጪኝ በያትና እውነቱን ንገሪያት። ግን አንድ ነገር ከአንቺም ይጠበቃል። ሰው እንዳጣሽ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ በጠዋት አውቀሽ ነበር፤ ስልክ አልደወልሽም። ስምሽን ሰሌዳ ላይ ያስገባችው ሴት ያን ቀን አንድ ሰው ጎድሎባት ነው የዋለችው። አረጋውያኑም እንዲሁ። ስለዚህ ስለ ቃሉ ስታስረጂ ስለ ስልኩም ጨምሪ። መደወል ነበረብኝ ለማለት «ሹድ» እና ያቺ የምትዋጠው «ሃቭ» አብረው ይመጣሉ። በመስታወት ፊት ሦስት አራት ጊዜ በያትና ሂጂ፦

«አይ ሰይድ አይ ካን ከም። አይ ሜንት አይ ማይት ከም። አይ ሹድ ሃቭ ኮልድ ዩ፣ ኤንድ አይ አም ሶሪ።»